ከብረት የምሠራው ቡልዶዘር ሰንሰለትና ሞተር

ጥያቄ፦
የካተርፒላር ዲ9ቲን አንድ ስምንተኛ መጠን ከላሜራ እየሠራሁ ነው። ሻሲውና ምላጩ ተበይደዋል። የምፈልገው አፈር እንዲገፋ እንጂ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አይደለም። ሰንሰለቱንና ሞተሩን ከምን ላድርግ?

መልስ፦
የሞተር ብስክሌት ሰንሰለት ላይ ላሜራ በይድበት። ለየጎኑ አንድ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይበቃሃል።

መልስ፦
ወንድሜ፣ በሰንሰለቱ እስማማለሁ፤ ብየዳው ግን አጭር ይሁን፣ ሙቀት የፒኑን ጥንካሬ ይገድላል። በሞተሩ አልስማማም። እውነተኛው ዲ9ቲ 49 ቶን ገደማ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው ለስምንት ሲካፈሉ ክብደቱ ለ512 ይካፈላል፤ 95 ኪሎ ገደማ! የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር ሞተሮች፣ ባለ 24 ቮልት፣ ፈልግ። ክብደቱን ለማቅለል አትሞክር፤ ቀላል ቡልዶዘር ሰንሰለቱ ይሽከረከራል እንጂ አፈር አይገፋም። የመንጃ ጥርሱንም፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ጎማ፣ ከፍ አድርገህ ስቀለው፤ የዲ9ቲ መልክ እሱ ነው።

ጠያቂው፦
ሞተሩን ነገ ምናለሽ ተራ እፈልጋለሁ።