እናቴ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ ገንዘብ የለንም። አዲስ አበባ ላምጣት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የምትኖረው ፎገራ ወረዳ፣ ገጠር ነው። እንቅርቷ አድጎ አሁን ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል። ጤና ጣቢያ «ኦፕራሲዮን ነው፣ ሆስፒታል ሂጂ» አሏት። አባቴ አርፏል። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ነው የምትኖረው። እኔ አዲስ አበባ ጥበቃ ነኝ፤ ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ጤና መድን አልገባችም። ጥቁር አንበሳ ላምጣት ወይ? የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚባለውስ ከየት ነው የሚገኘው?

የወረታ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እባክህ አሁን አታምጣት። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ወረቀቱ የሚጀምረው ከሚኖርበት ቀበሌ ነው። ያለ ወረቀት አዲስ አበባ ከመጣች እንደ ማንኛውም ከፋይ ነው የምትታየው። ቀበሌ ሄዳ መክፈል ከማይችሉት ጋር እንድትመዘገብ ታመልክት። የእነሱን የመድን መዋጮ መንግሥት ነው የሚሸፍነው፤ የሚያገኙት ሕክምና ግን ከፍሎ ከገባው ጋር አንድ ነው። ፎገራ መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው፤ አሠራሩ አዲስ አይደለም።

አቤል፦ ለኦፕራሲዮን ግን ጥቁር አንበሳ አይሻልም?

የወረታ ልጅ፦ እንቅርት ደብረ ታቦር ሆስፒታልም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሠራል። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ራሳቸው ሪፈር ይጽፋሉ። ያኔ ወረቀት ይዛ ትመጣለች።

ጠያቂ፦ የመድን ምዝገባው ካለፈስ?

ነርስ ነኝ፦ ምዝገባ በዓመት አንዴ ነው፤ ገጠር ላይ ብዙ ጊዜ እህል ከገባ በኋላ ነው። ካለፈም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ወረዳው ላይ ያለውን የጤና መድን ክፍል በአካል ጠይቁ። መክፈል እንደማትችል የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤም ማህተም አስመትታችሁ ያዙ። ሆስፒታሉ ጋ ስትደርሱ ሶሻል ወርከር ካለ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አነጋግሩ።

ሌላው፣ የመድን ደብተሩ ቢወጣላትም በጤና ጣቢያ በኩል ትሂድ። ጤና ጣቢያውን ዘላ ሆስፒታል ከገባች መድኑ ላይሸፍንላት ይችላል። ስሟንም እዩ። መታወቂያው ላይ «ጥሩ»፣ ደብተሩ ላይ «ጥሩነሽ» ከተባለ መስኮቱ ላይ ይመልሷችኋል፤ እዚያው ቀበሌ ሳለች ይስተካከል።

ትንፋሹ ግን ከባሰባት፣ ወይም ስትተነፍስ ድምፅ ካመጣ፣ ወረቀት የሚባል ነገር አትጠብቁ! በዚያው ሰዓት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። የክፍያውን ነገር ከዚያ በኋላ ትነጋገራላችሁ።

እመቤት፦ አንድ ነገር ልጨምር። መድኑ ትራንስፖርትና የአስታማሚ ምግብ አይከፍልም። ያለህን ብር ለሕክምናው ብለህ አትጨርሰው፣ ለዚህ ያዘው። መድኃኒት «የለም፣ ውጭ ግዙ» ከተባላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ቤቱ ከመድኑ ጋር ውል ያለው ፋርማሲ እንዳለ ጠይቁ። ከኪሳችሁ ከገዛችሁም ማዘዣውንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ አንዳንዴ ወረዳው ገንዘቡን ይመልሳል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ሰኞ እህቴ ቀበሌ ትወስዳታለች። ምን ይዘው ይሂዱ?

የወረታ ልጅ፦ የቀበሌ መታወቂያዋን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ጤና ጣቢያ የጻፈላትን ወረቀት። ጠዋት በጊዜ ይድረሱ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ከወጣ ማህተሙ ተቆልፎ ነው የሚውለው።