ልብስ ከቴሌግራም ሲገዛ ልክን በምን ማወቅ ይቻላል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዓመት በቴሌግራም ሦስት ልብስ ገዝቼ አንዱም በወጉ ስላልሆነ፣ አራተኛውን ከማዘዜ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲመክረኝ ነው ይህን የምጽፈው። የመጀመሪያው «ላርጅ ነው» ተብዬ የገዛሁት ጃኬት ሲሆን በሸሚዝ ላይ ስለብሰው ምንም አይልም፤ ነገር ግን በደሴ ብርድ ያለ ሹራብ አይወጣምና ሹራብ ለብሼ ስደርበው፣ ክንዴን ወደ ፊት በዘረጋሁ ቁጥር ጀርባው እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሁለተኛው ወገቡ ሰፍቶ ጭኑ የጠበበ ጂንስ ነው፤ እሱን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼዋለሁ።

ሦስተኛው ለእናቴ ያዘዝሁት ዓባያ ነው። ሻጩ ከ52 እስከ 60 ያሉትን ቁጥሮች ዘርዝሮ ሲልክልኝ፣ እናቴ ወፈር ያለች ስለሆነች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ስፋቱም የሚጨምር መስሎኝ 58ን መረጥሁ። ሲመጣ ግን አንድ ስንዝር የሚያህል መሬት ይጠርጋል፤ ደረቷ ላይ ደግሞ ይይዛታል። እናቴ ሳቀች፤ እኔን ግን ገንዘቤ አንገበገበኝ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ ነው መናኸሪያ የሚደርሰው። ክፍያው አስቀድሞ በቴሌብር ይጠናቀቃል፤ ልብሱ ካልሆነ መመለሻው በእኔ ወጪ ነው፤ ተመልሶም ሻጩ ይቀበለኛል ማለት አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ምክር «ሁለት ልክ እዘዙና አንዱን መልሱ» ይላል። ይህ፣ ከኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ በሕግ በተፈቀደባቸው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ላሉ ሰዎች የተጻፈ እንጂ ለእኛ የሚሆን አይደለም።

አሁን ወንድሜ በጥር ሊያገባ ነው። ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞረን የሚፈልገውን ቀለም ስላጣን ሙሉ ልብሱን ከቴሌግራም ልናዝለት አስበናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሲሆን ቀጠን ያለ ነው፤ ሻጩ «48 ወይስ 50?» ብሎ ሲጠይቀን ምን እንደምንመልስ ጠፋን። ይህን ልብስ መሳሳት አንችልም።


መርፌና ክር (ኮምቦልቻ)

የጦሳ ልጅ፣ ወንድም ይሁኑ እህት ከስምዎ መለየት ስላልቻልሁ በአንቱታ ልጻፍልዎ። አብሽሩ፤ ጊዜው ገና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በልብስ ስፌት ሠርቻለሁ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሥራ ሲበዛ አዲስ መስፋት መሆኑ ቀርቶ እንዲህ ተገዝቶ ያልሆነን ልብስ ማስተካከል ሆኗል።

በመጀመሪያ ፊደሉን ይተዉት። ስሞል፣ ሚዲየምና ላርጅ የሚባለውን እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ስለሚወስነው፣ የአንዱ ላርጅ ከሌላው ላርጅ ጋር አይተዋወቅም። የሰውነትን ልክ ለክቶ ለሻጩ መላክም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ እሱ የሚመልስልዎ ሴንቲ ሜትር የሰውነት ይሁን የልብሱ አይታወቅምና። በእኔ ዘንድ የሚሻለው ቤት ካሉት ልብሶች በጣም የሚስማማውን መርጦ እሱን መለካት ነው። ኮቱን ቆልፈው ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉት፤ በመዳፍዎ አስተካክለው፣ ሳይጎትቱ፣ ከብብት እስከ ብብት ይለኩ፤ በሁለት ሲያባዙት የደረቱ ዙሪያ ይሆናል። ከዚያ ትከሻውን ከስፌት እስከ ስፌት፣ እጅጌውን ከትከሻው ስፌት እስከ ጫፉ፣ ቁመቱን ከኮሌታው ሥር ጀምሮ በጀርባ በኩል ይውሰዱ። ሻጩም የሚሸጠውን ኮት በዚሁ መንገድ አንጥፎ፣ ሜትሩ ላዩ ላይ እንደተዘረጋ ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት። ይህን እምቢ ለሚል ሻጭ አስቀድሞ መክፈልን አልመክርም።

የኮት ቁጥር ከፊደል ይልቅ የሚታመን ነው። በአውሮፓና በቱርክ የወንድ ኮት ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ ደረቱ 96 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 48፣ 100 የሆነ ደግሞ 50 ይለብሳል። የእንግሊዝና የአሜሪካው የደረቱን ዙሪያ በኢንች የሚናገር ስለሆነ 38 ወይም 40 ተብሎ ቢጻፍ፣ 10 ሲደምሩበት ወደ አውሮፓው ይመጣል። ሙሉ ልብሱ ላይ «6 ድሮፕ» የሚል ካለ፣ የሱሪው ወገብ ከደረቱ በ12 ሴንቲ ሜትር ያንሳል ማለት ነው፤ ስለዚህ የ48ቱ ሱሪ ወገቡ 84 ለሆነ ሰው የተሰፋ ነው። በሴቶች ልብስ ላይ ግን ይህን ሒሳብ እንዳይሞክሩት፤ የጀርመን 38 በፈረንሳይ 40፣ በጣሊያን ደግሞ 44 ነው።

ጃኬትዎ የጠበበበት ምክንያት ይገባኛል። ኮት ከሰውነቱ የደረት ዙሪያ 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ሹራብ የሚለበስበት ካፖርት ግን ከ15 እስከ 20 ይፈልጋል። እኛ ኮምቦልቻ አብዛኛውን ጊዜ በሸሚዝ ስለምንውል አይሰማንም፤ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ በብርድ ግን ሌላ አገር ናት።

ልክ ሲጠራጠሩ ለትከሻ ያድሉ። የሱሪ ወገብ ይጠብባል፣ እግሩ ያጥራል፣ የኮት ጎን ይገባል፤ የትከሻ ስህተት ግን ሙሉ ኮቱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሆነ ዋጋው ከልብሱ ሊበልጥ ይችላል። ባለፈው አንድ ሙሽራ ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ኮቱን ለብሶ መጣ፤ የትከሻውን ጫፍ በአውራ ጣቴ ስጫነው ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ነበር፤ ከእጅጌው ራስ ሥርም ጨርቁ ጎድጉዷል። ማድረግ የቻልሁት ውስጡን በስፖንጅ መሙላት ብቻ ነበር። ደግሞም ማጥበብና ማስፋት አንድ እንዳይመስልዎት። ለማስፋት በስፌቱ ውስጥ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ በርካሽ የፋብሪካ ልብስ ላይ ይህ ትርፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም።

አንድ ነገር ልርሳ ብል ሙያዬ አይፈቅድልኝም፦ ሜትርዎን ይፈትሹት። የጨርቅ ሜትር በብዛት ሲሠራበት ይለጠጣል፤ ከተማሪ ማስመሪያ ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው ደግሞ አንዱ ገጽ ኢንች መሆኑን ሳያስተውል ያነባል።


የባቲዋ (ባቲ)

የስፌት ባለሙያው የሚጎድል ነገር አልተዉም፤ እኔ ስለ ዓባያው ብቻ እጨምራለሁ። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ኖሬ እንደ ተመለስሁ የጎረቤቶቼን ሁሉ ዓባያ የማዝዘው እኔ ነኝ።

52፣ 54፣ 56 እያለ የሚሄደው ቁጥር የልብሱ ቁመት ነው፤ በኢንች ከትከሻ እስከ ታችኛው ጠርዝ። ስለ ስፋቱ አንዳች አይናገርም። አንድ ኢንች 2 ነጥብ 54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 54 ማለት 137፣ 56 ማለት 142፣ እናትዎ የደረሳቸው 58 ደግሞ 147 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ቁመታቸው ለረዘመ ሴቶች የሚሆን ነው። እናትዎ ለመውጣት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይቁሙና፣ ከአንገታቸው ጎን ካለው የትከሻ ከፍታ ጀምሮ እስከ ተረከዛቸው ይለኩላቸው፤ ያገኙትን በ2 ነጥብ 54 ያካፍሉት። 130 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 51 ይመጣል፤ 52 ገዝቶ ማሳጠር ነው። የደረቱንና የዳሌውን ስፋት ግን ለብቻው ይጠይቁ፤ ብዙ ሻጭ ካልተጠየቀ አይናገረውም። በእኔ ልማድ ጠርዙ ከተረከዝ ሁለት ጣት ከፍ እንዲል አደርጋለሁ፤ የዓረብ አገሩ ወለል ሴራሚክ ነው፣ የእኛ ግን በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ስለሆነ።

ያለውን ዓባያ አይጣሉት። ጥልፉ ጠርዙ ላይ ካልሆነ የሚቆረጠው ጨርቅ ራሱ በብብቱ ሥር ገብቶ ደረቱን ሊያሰፋው ይችላል፤ ጥቁር ከጥቁር አይለይም። ጥልፉ ጠርዙ ላይ ከሆነ ግን ከቆረጡት ይበላሻልና ከጉልበት በላይ በውስጥ በኩል ታጥፎ ቢሰፋ ይሻላል። ኒዳ የሚባለው ጨርቅ ፖሊስተር ስለሆነ በውኃ አያጥርም። የጥጥ ቀሚስ ሲሆን ግን ከመቆረጡ በፊት አንዴ ይታጠብ።


ነጋዴው (ወልድያ)

እኔ በቴሌግራም ከሚሸጡት አንዱ ስለሆንሁ ነቀፌታው ለእኛም እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ከፊሉ ይገባናል። ብዙዎቻችን ዕቃውን ከጅምላ አከፋፋይ ስንረከብ ልኩን አንለካም፤ ላስቲኩ ላይ የተለጠፈውን ፊደል እንዳለ እንጽፋለን። ከቻይና የሚመጣው ላርጅ እኛ ከለመድነው አንድ ደረጃ፣ አንዳንዴም ሁለት ደረጃ አነስ እንደሚል እያወቅን ለገዢው ሳንነግር የምንቀርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ከእኛ ፊደል ይልቅ የልብሱን የውስጥ ምልክት ፎቶ ይጠይቁ። በቻይና ልብስ ላይ «170/88ኤ» የሚመስል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያው ልብሱ የታሰበለት ሰው ቁመት፣ ሁለተኛው የሰውየው የደረት ዙሪያ ነው፣ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር። ሱሪ ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ወገቡ ነው። ከኋላ ያለው ፊደል ደረቱና ወገቡ ምን ያህል እንደሚለያዩ ያመለክታል፤ «ኤ» መካከለኛ ሰውነት፣ «ቢ»ና «ሲ» ወገቡ እየወፈረ የሚሄድ፣ «ዋይ» ደግሞ ደረተ ሰፊ ወገበ ቀጭን ነው። ይህን የማያውቅ ነጋዴ ስላለ፣ የምትጠይቁት ማብራሪያ ሳይሆን ፎቶ ይሁን።

ከስፌት ባለሙያው በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ቤት ያለን ልብስ ለክቶ ከሚሸጠው ጋር ማመሳሰል የሚሠራው ጨርቆቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። የሚለጠጥ ጂንስ ተነጥፎ ሲለካ ከማይለጠጠው በብዙ ያንሳል፤ ሲለበስ ግን ይሆናል። ጠያቂያችን የማይለጠጥ አሮጌ ሱሪ ለክተው የሚለጠጥ ቢገዙ ይሰፋቸዋል። በሞዴሉ ላይ የሚታየውንም ፎቶ አትመኑ፤ ልብሱ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ እንደሚነሣ እኔ ራሴ አድርጌው አውቃለሁ።


የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እህት ነኝ። የእናቴ ሜትር ከልጄ ማስመሪያ ጋር ሲተያይ በ1 ሜትሩ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተለጥጦ ተገኘ፤ የተሳሳትሁት በፊደሉ ብቻ አልነበረም። አዲስ ሜትር ገዝቼ ወንድሜን ለካሁት፤ ደረቱ 96፣ ወገቡ 84 ሆነ። ለምረቃው ያሰፋውና እስከ ዛሬ የሚስማማው ኮት ከብብት እስከ ብብት 53 ተኩል፣ ትከሻው 46 ነው።

የመጀመሪያውን ሻጭ የውስጥ ምልክቱን ፎቶ ብጠይቀው ብዙ ካንገራገረ በኋላ ላከልኝ፤ 170/88ኤ ይላል። ከወንድሜ በቁመትም በደረትም 10 እና 8 ሴንቲ ሜትር ለሚያንስ ሰው የተሰፋውን ነበር «50 ነው» ብሎ ሊሸጥልን የነበረው። ተውሁት። ሌላ ሻጭ የቱርክ 48፣ 6 ድሮፕ አለው፤ ሜትሩን ዘርግቶ በላከው ፎቶ ላይ ትከሻው 46፣ ብብቱ 54 ነው። እጅጌው ግን ከወንድሜ ኮት በ2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ማስረዘም ይቻል ይሆን?


መርፌና ክር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ሻጩ የእጅጌውን ጫፍ ወደ ውጭ ገልብጦ አንድ ፎቶ ይጨምርልሽ። ጫፉ ላይ ያሉት ቁልፎች ለጌጥ ብቻ የተሰፉ ሆነው ውስጡ የታጠፈው ጨርቅ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 2ቱን አወጣዋለሁ። የቁልፉ ቀዳዳ በእርግጥ የተቀደደ ከሆነ ግን ቀዳዳዎቹ ከጫፉ ርቀው ስለሚቀሩ ያስቀይመዋልና አይግዛው። ከገዛችሁት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሙሽራው ራሱ ይምጣ፤ በሠርጉ ቀን የሚለብሰውን ሸሚዝና የሚያደርገውን ጫማ ይያዝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ አልገኝም።