ዝቅ የተደረገ ኮሮላ የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል ብቻ እየበላ ነው፤ ካምበሩ ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ የሰሚት ሾፌር

ጤና ይስጥልኝ። 2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። መኪናዋን የገዛሁት ዝቅ ከተደረገች በኋላ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት የፊቱንም የኋላውንም ሞላ አስቆርጦ ከመደበኛው ቁመት በግምት 4 ሳንቲ ሜትር አውርዷታል። የተገጠሙት ጎማዎች 195/60 ባለ 15 ናቸው። አዲስ ከተገጠሙ ገና ብዙ ሳይቆዩ የሁለቱም የፊት ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ ሽቦው እስኪታይ ድረስ ተበልቶ አገኘሁት፤ መሃላቸውና የውጭ ጠርዛቸው ግን ጥርሱ ገና ደህና ነው። በተጨማሪም ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መሪውን ለቀቅ ሳደርገው በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይስባል።

ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ልክ) አስለክቼ የተሰጠኝ ወረቀት እንዲህ ይላል። የግራ ፊት ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ (60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው)፣ የቀኝ ፊት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ፤ የፊቱ ጠቅላላ ቶው (የጎማዎቹ የፊት ክፍል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ወደ ውጭ 40 ደቂቃ፤ የኋላዎቹ ካምበር በሁለቱም በኩል ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ። የለካው ባለሙያ የዚህ መኪና ካምበር እንደማይስተካከል፣ ካምበሩ ሳይስተካከል ደግሞ ቶውን መንካት ዋጋ እንደሌለው ነግሮኝ ምንም ሳይነካ መለሰኝ። ሌላ ሰው ደግሞ አሞርዛተሩ ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚታሰርበትን የብሎን ቀዳዳ በሞረድ አስፍቶ ጎማውን ማቃናት እንደሚቻል ይመክረኛል። ካምበሩ በእርግጥ አይስተካከልም? ቀዳዳ ማስፋቱስ አደጋ የለውም? የመኪናዋን ቁመት እወደዋለሁና ከተቻለ ብዙ ባልነካው ደስ ይለኛል።

መልስ፦ መካኒክ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ወረቀቱን በዝርዝር መጻፍዎ በጣም ጠቅሞናል፤ ብዙ ሰው «ጎማ ይበላል» ብቻ ብሎ ያልፋል።

ጎማዎን የበላው በዋናነት ካምበሩ ሳይሆን ቶው ነው ብዬ አምናለሁ። ስሌቱን ልንገርዎ። ጠቅላላው 40 ደቂቃ ለሁለቱ ጎማዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ሲሶ ይደርሰዋል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሚፈልግ በየኪሎ ሜትሩ 5.8 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋተገ ይጓዛል ማለት ነው። በ10,000 ኪሎ ሜትር 58 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካምበሩ ደግሞ የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ስላዘነበለው ክብደቱ የሚያርፈው በውስጥ ጠርዙ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ መፋተግ የሚደርሰው በዚያው ጠባብ ጠርዝ ላይ ነው። ካምበር ቦታውን ይመርጣል፣ ቶው ይበላል። ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ካምበር ኖሮት ቶው ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ መኪና ጎማውን በደህና ይጨርሳል።

ይህን በእጅዎም ማረጋገጥ ይችላሉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ያጥፉትና መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ያሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝዎት ከሆነ ጥፋቱ የቶው ነው። ካምበር ብቻውን ሲበላ ጠርዙን ያሳሳዋል እንጂ እንዲህ ያለ ስለት አያወጣም።

ቶው የተዛባው መኪናው ስለወረደ ነው። ስቴርሶውን (የመሪውን ማርሽ) ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የውስጥ ጫፉ ከቦዲው ጋር አብሮ ሲወርድ የውጭ ጫፉ፣ ማለትም ቴስቲናው፣ ጎማው ላይ እንዳለ ይቀራል። አግድም የነበረው ዘንግ ሲያዘነብል ወደ ጎን የሚደርስበት ርቀት ያጥራል። በዚህ መኪና ዘንጉ ያለው ከጎማው መሃል በስተኋላ ስለሆነ የጎማውን የኋላ ክፍል ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ የፊቱ ክፍል ወደ ውጭ ይከፈታል። መኪና ከወረደ በኋላ ቶው ሳይስተካከል መነዳት ያልነበረበትም ለዚህ ነው።

ካምበሩ አይስተካከልም የተባለው እውነት የሚሆነው ፋብሪካው በገጠመው ብሎን ብቻ ነው። አሞርዛተሩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ካምበር ብሎን መለወጥ ይቻላል፤ ወገቡ ቀጠን ያለ ወይም አንድ ጎኑ ያበጠ ስለሆነ ጎማውን አንድ ዲግሪ ያህል ለማቃናት ይበቃል። ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ግን አልመክርዎትም። የአሞርዛተሩ ጆሮ ቀጭን ብረት ነው፤ ሞላላ ከሆነ በኋላ የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ ስለሚሆን አንድ ከባድ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፣ ልኩም እንደገና ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በግራና በቀኝ መካከል የ30 ደቂቃ ልዩነት አለ፤ መኪና ደግሞ የሚስበው ካምበሩ ይበልጥ ቀና ወዳለው ጎን ነው፤ የእርስዎም ወደ ቀኝ ነው። መንገዳችንም ውሃ እንዲፈስ ወደ ቀኝ ዳር ያዘነበለ ስለሆነ ሁለቱ ይደማመራሉ። ከቸርኪው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በሁለቱም በኩል በሜትር ይለኩ። ግራው ዝቅ ካለ ሞላው እኩል አልተቆረጠም ማለት ነው። ቁመቱ እኩል ሆኖ ካምበሩ ከተለያየ ግን የታችኛው ክንድ (ጎማውን ከስር ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው) ወይም የጎማው ተሸካሚ ታጥፎ ወይም የክንዱ ጎሚኒ (ላስቲኩ) አልቆ ሊሆን ይችላልና ካምበር ብሎን ከመግዛትዎ በፊት ይህ ይታይ። የታጠፈ ብረት በብሎን አይድንም።

መልስ፦ ሲቪክ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ከመካኒኩ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በአንድ ነጥብ ግን ቅደም ተከተሉን እለውጠዋለሁ። እኔ የምነዳው 1998 ሞዴል ሆንዳ ሲቪክ ነው። የእርሱ ጎማዎች ከላይም ከታችም በክንድ የተያዙ ናቸው፤ ሲወርድ የላይኛው አጭር ክንድ የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ስለሚስበው ካምበሩ ከኮሮላው በበለጠ ይለወጣል። የኋላው የላይኛው ክንድ ከቦዲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ሮንዴላ በማስገባት የሚያቃኑት ብዙዎች ናቸው፤ የተሻለው መንገድ ግን የሚስተካከል ክንድ መግጠም ነው። ይህ ሁሉ በኮሮላ ላይ አይሠራምና በኢንተርኔት ስለ ሲቪክ የተጻፈውን እንዳለ ወስደው ዕቃ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

በእኔ መኪና መጀመሪያ ያስተካከልኩት ቶውን ብቻ ነበር። የኋላው ካምበር ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ አካባቢ እንዳለ ትቼው የጎማው አበላል በጣም ዘገየ። ስለዚህ ለጠያቂው የምመክረው ካምበር ብሎኑ እስኪገኝ ድረስ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ቶውን እንዲያስተካክሉ ነው። ብሎኑ በኋላ ሲገጠም ቶው እንደገና ይለካ፤ ለሁለት ጊዜ አላይመንት የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ጎማ ዋጋ ያንሳል።

እዚህ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ስላለ ጎማ በጥንቃቄ ይታያል። የጥርሱ ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የወረደ መኪና አስቸጋሪነቱ ከውጭ ቆመው ሲያዩት ጎማው አዲስ መምሰሉ ነው፤ ሽቦው የሚታየው መሪው ሲታጠፍ ወይም መኪናው በክሪክ ሲነሳ ብቻ ነው። ሽቦው የታየ ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እባክዎ ያንን ጎማ ይዘው ወደ አዳማ መንገድ አይውጡ።

መልስ፦ የሰሚት ሾፌር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መዳፌን አሻሽቼ አየሁት፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ስስበው ልስልስ ነው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ግን ጥርሱ ይይዛል። ከቸርኪው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያለው ቁመት በግራ በኩል ከቀኙ በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ደግሞ የግራው ሞላ በመቀመጫው ላይ ሲላወስ በእጄ ተሰማኝ። ይህ ምን ማለት ነው? በተጨማሪም የቀሩትን ጎማዎች ጎሚስታ ጋ አስፈትቼ የውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ መካኒክ ከአዳማ

መልሱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ሞላው እኩል አልተቆረጠም፤ የካምበሩም ልዩነት ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ በአብዛኛው የመጣው ከዚያ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሞላው መላወሱ ነው። የተቆረጠ ሞላ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ሲረዝም መቀመጫውን ይለቃል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንጠለጠል ተዛንፎ ሊመለስ ይችላል። በተጨማሪም ሞላ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከስድስት ዙር አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በአምስተኛ እጅ ይጨምራል። ቁመቱንም መጓዣውንም በአንድ ጊዜ ስላጣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ከአሞርዛተሩ የላስቲክ ማቆሚያ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ካምበር ብሎኑን ከመግዛትዎ በፊት የተቆረጡትን ሞላዎች አውጥተው ለዝቅታ ተብሎ የተሠራ ሞላ ያስገጥሙ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያወርድ ቢሆን እኔ እመርጣለሁ። ከአሁኑ ቁመት የሚለየው በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና የሚወዱት መልክ ብዙም አይጠፋም። ከመኪናው ስር ገብተው የታችኛውን ክንድ ይመልከቱ፤ የውጭ ጫፉ ከውስጥ ጫፉ በላይ ከፍ ካለ መኪናው ከልክ በላይ ወርዷል። በዚያ ሁኔታ ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ጎማው ይበልጥ መተከል ሲገባው ወደ ውጭ ይገለበጣል።

ሞላው ሲገጠም የክንዱ ጎሚኒ ብሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ እንዳይጠብቅ ይንገሯቸው። ጎማዎቹ መሬት ላይ አርፈው፣ ክብደቱ በላያቸው ሆኖ ነው መጥበቅ ያለበት፤ አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ከዚያ አዲሱ ሞላ ቦታውን እስኪይዝ ጥቂት ቀን ነድተው ወደ አላይመንት ይሂዱ። የጎማ ንፋስ በልኩ ይሁን፣ መሪው ቀጥ ብሎ ይታሰር፣ የኋላው ይለካ፣ ቀጥሎ የፊቱ ካምበር፣ በመጨረሻ ቶው። ካምበር ሲነካ ቶውም አብሮ ስለሚለወጥ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ቶውን ሲያስተካክሉ ሁለቱን ዘንጎች እኩል እንዲያዞሩ ይጠይቁ፤ በአንዱ በኩል ብቻ ካዞሩት መሪው ተጣሞ ይቀራል። የኋላው ልክ ለዚህ መኪና ጤናማ ነው፤ የኋላ አክሱ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ሲወርድ ካምበሩ ብዙ አይለወጥም፣ አይንኩት።

ጎማ መገልበጡን በተመለከተ፣ ሽቦው የታየው ይጣል። ሽቦ ያልደረሰበትና በጎኑ የአቅጣጫ ቀስትም ሆነ የውጭ ጎን ምልክት የሌለው ጎማ ከሆነ ከቸርኪው ፈትቶ መገልበጥ ይቻላል፤ ባላንስ ግን እንደ አዲስ መሠራት አለበት። የተገለበጠውን ከፊት ይግጠሙት፣ አዲሶቹን ከኋላ።