ሥዕሌ ውስጥ ሁልጊዜ የሚመጣው ቢጫ ጄሪካን

የጦሳ ጉም (ደሴ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በዘይት ቀለም መሳል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምስለው ሰፈሬን ነው፤ ዳገቱን፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም። እና ስጀምር ምንም ያላሰብኩት ቢጫ ጄሪካን፣ ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል አንዱ ጥግ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

መጀመሪያ ያስገባሁት ለቀለሙ ነበር። ጉም ስስል ከታች ጥቁር ቡናማ እቀባለሁ፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ነጭ ስስ አድርጌ አሻሽበታለሁ። ሰማያዊ ጠብ ሳላደርግ ሰማያዊ መስሎ ይወጣል። ሸጋ ነው፣ ግን ሥዕሉ በሙሉ ይቀዘቅዝና አንድ ሞቅ ያለ ነገር ይፈልጋል። ደጃፋችን ላይ ሞቅ ያለው ነገር ደግሞ ጄሪካኑ ነው።

አሁን ሥዕሎቼን ያየ ሁሉ «ትርጉሙ ምንድን ነው? የውሃ ችግር ነው?» ይለኛል። አዎ እንዳልል ለዚያ ብዬ አልሳልኩትም፤ አይደለም ካልኩ ደግሞ የዋሸሁ ይመስለኛል። ባለፈው ተናድጄ ከአንዱ ላይ በግራጫ ቀብቼ አጠፋሁት፣ ሥዕሉም አብሮት ሞተብኝ። ትርጉሙን ሳያውቁ አንድን ነገር ደጋግሞ መሳል ልክ ነው? እናንተስ እንዴት ነው የምትሠሩት?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ። እኔም የምስለው በዘይት ነው። ሰዎቹ ትርጉም የሚጠይቁሽ የለመዱት ሥዕል እንደዚያ ስለሆነ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በጎን ይሣላል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ይህን ሠዓሊውም ምዕመኑም ያውቀዋል፣ ስምምነት አለበት። ያንቺ ጄሪካን ላይ ግን ማንም ከማንም ጋር አልተስማማም። ስለዚህ መልስ አጣሁ ብለሽ አትጨነቂ።

የጣሊያኑን ሠዓሊ ሞራንዲን እዪው፣ ቦሎኛ ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል ያንኑ ጠርሙስና ማሰሮ ነው ቦታ እየቀያየረ የሳለው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔም የድርቆሽ ክምር 25 ያህል ጊዜ ስሏል፣ ክምሩ ያው ነው፣ ብርሃኑ ነው የሚለወጠው።

እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር አለ። እስከ ዛሬ ጥግ ላይ ነው ያስቀመጥሽው። እስቲ አምጪና መሃል ላይ አድርጊው፣ ትልቅ አድርገሽ፣ ያለ ጉም ያለ ጣሪያ። በጠዋት፣ በቀትር፣ ሲመሽ። እኔ ባቲ የሰኞ ገበያ እየሄድኩ ግመል እሥል ነበር፤ ገመዱን ለብቻው መሳል ስጀምር ነው ለካ ስፈልግ የነበረው ግመሉን ሳይሆን ገመዱን የያዘውን እጅ እንደነበር የገባኝ።

አያ ሰይድ ነኝ (ሐይቅ)

ልጄ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ቢሆንም ያነሳሽው ነገር ስላልተወኝ ልጻፍልሽ።

ደሴ በኖርኩበት ጊዜ ውሃ የሚመጣው በወረፋ ነበር። በሌሊት ተነስተን ጄሪካናችንን እንደረድርና ወደ ቤት እንመለሳለን፣ አንዱ ቡና ሊጠጣ፣ አንዱ ሊሰግድ፣ አንዷ ልጇን ልታጠባ። ሰልፉ ላይ ሰው የለም። ጄሪካን ብቻ። ግን ማንም የማንንም አይነካም፣ አንዱ ክዳኑ ቀይ ነው፣ አንዱ እጀታው በጨርቅ ተጠምጥሟል፣ እና «ይሄ የእትዬ እገሊት ነው» ብለን ቦታዋን እንጠብቅላታለን። ታማ የቀረች ጎረቤት እንኳ ጄሪካኗ ካለ አለች ማለት ነው።

እኔ ያንቺን ሥዕል ባየው የውሃ ችግር አይደለም የሚታየኝ። ሰው ነው። ሥዕልሽ ላይ ሰው ትስያለሽ ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ተልባ (ወልዲያ)

አያ ሰይድ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔ ስላጠፋሽው ጄሪካን ነው የምለው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም፣ ዘይቱ (ያው ብዙ ጊዜ የተልባ ነው) ከአየር ጋር ተዋህዶ እየጠጠረ ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ቢጫው ሳይደርቅ ከላዩ በፍጥነት የሚደርቅ ቀጭን ግራጫ ከደረብሽ ሊሰነጠቅብሽ ይችላል፤ ከታች ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት። ሌላው ደግሞ፣ የዘይት ቀለም ዓመታት ሲያልፉ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። በድሮ ሥዕሎች ላይ ሠዓሊው ያጠፋው እጅ ወይም ፈረስ ከስር እየወጣ የሚታየው ለዚህ ነው። ግራጫሽ ስስ ከሆነ ጄሪካንሽ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ አትጣይ፣ በራሱ ግሎ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግተሽ አስጪው።

የጦሳ ጉም (ደሴ)

አያ ሰይድ፣ ጥያቄዎትን ካነበብኩ በኋላ ሥዕሎቼን በሙሉ ግድግዳ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። 31 ናቸው። ሰው ያለበት አንድም የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አላስተዋልኩትም።

እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመው የእናቴ ነበር። ብርዱ እጇን እንዳይቆርጣት ብላ ከአሮጌ ነጠላ ቀዳ ያሰረችበት። እኔ ግን ያንን ጨርቅ አንድም ጊዜ አልሳልኩትም፣ ለስላሳ ባዶ እጀታ ነው ስሥል የኖርኩት።

ያጠፋሁትን ዛሬ በስለት ቀስ እያልኩ ፋቅኩት፣ ግራጫው ገና ስላልጠጠረ ለቀቀልኝ። ቢጫው ትንሽ ተጎድቷል፣ እንዳለ ተውኩት። ነገ በብርሃን ጨርቁን እጀምራለሁ።