የጋራ ኮምፒውተራችን የወተር ኩሊንግ (በውሃ የማቀዝቀዝ) ረቂቅ፣ ዕቃ ከመታዘዙ በፊት አስተያየት ስጡበት

ረቂቁን ያዘጋጀው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በገባሁት ቃል መሰረት ረቂቁ ይኸው። ማሽኑ ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለስሪዲ ሬንደር ስለሆነ ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ላይ ነው የሚቆየው፣ እሱም ሁላችንም የምንሰራበት ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ሙቀቱም ድምፁም እኩል ያሳስበኛል። ያሰብኩት ራይዘን 9 7950ኤክስ ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 4080 ግራፊክስ ካርድ፣ ሁለቱም በአንድ ሉፕ (ውሃው እየዞረ በሚመለስበት መስመር)፣ ከላይ አንድ 360 ራዲያተር (የውሃውን ሙቀት በፋን ወደ አየር የሚያወጣው)፣ ዲ5 የሚባለው ፓምፕ ከነሪዘርቫየሩ (ከነውሃ ማጠራቀሚያው)፣ 14 ሚሊ የፒኢቲጂ ፕላስቲክ ሃርድ ቲዩብ (ጠንካራ ቱቦ)፣ ነጭ ፓስቴል ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። ለማህበሩ የመጀመሪያው ካስተም ሉፕ (ራሳችን የምንገጣጥመው) ስለሆነ ሳትሳሱ አርሙኝ፣ ገና ምንም አልታዘዘም።

የቴክኒክ ክፍል፦
ወንድሜ ስለልፋትህ እናመሰግናለን። ከራዲያተሩ ልጀምር፣ አንድ 360 አይበቃንም። ብዙ ሰው የሚይዘው ልክ ለአንድ 120 ሚሊ ፋን ወደ 100 ዋት ነው፣ ፋኑ ሳይጮህ ማለት ነው። ካርዱ ብቻውን 320 ዋት ነው፣ 7950ኤክስ ደግሞ ላዩ ላይ 170 ዋት ይባል እንጂ በፋብሪካ ሴቲንጉ እስከ 230 ይስባል፣ ሲደመር 550። 360 ማለት ሶስት ፋን ነው፣ 300 ዋት ላይ አለቀ። ከዛ በላይ አያቀዘቅዝም እያልኩ አይደለም፣ ያቀዘቅዛል፣ ግን ፋኖቹ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆነው ነው፣ እንደዛ ከሆነ ያ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ። ሁለት 360 ይሁን፣ ከላይ 30 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ከፊት 45። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ሁለቱን ከነፋናቸው መያዙ ሳይረጋገጥ ግን ሌላ ዕቃ እንዳናዝ አደራ፣ የፊተኛው 45 ራዲያተር ላይ 25 ሚሊ ፋን ሲጨመር 70 ሚሊ ይሆናል፣ ካርዱም ወደዛው ስለሚረዝም መሃል ላይ ይጋጫሉ።

አዲስ አባል፦
ጥያቄ ነበረኝ ይቅርታ ጀማሪ ነኝ። ውሃው ፕሮሰሰሩ ጋ ሞቆ በቀጥታ ካርዱ ውስጥ ከገባ ካርዱን አያሞቀውም ወይ? መሃል ላይ አንዱን ራዲያተር ብናስገባስ?

የቴክኒክ ክፍል፦
እህቴ ይቅርታ አያስፈልገውም፣ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ይሄንኑ ነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ልዩነቱ ትንሽ ነው። በሰዓት 200 ሊትር ቢሄድ፣ ይሄ ለዲ5 ቀላል ነው፣ 550 ዋቱ በሙሉ ውሃው ውስጥ ቢገባ እንኳ ዞሮ እስኪመለስ የሚጨምረው 2 ዲግሪ ከምናምን ነው፣ የፕሮሰሰሩ ድርሻ ደግሞ 1 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ትተን ቲዩቡ በሚያጥርበት መንገድ እንስራው። የማይለወጠው ሪዘርቫየሩ ከፓምፑ በላይ መሆኑ ነው፣ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ መውረድ አለበት። ፓምፑን ውስጡ የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው፣ ደረቁን ከዞረ ይበላሻል።

ከዚህ በፊት የሰራ አባል፦
ሃርድ ቲዩቡን ለሁለተኛው ማሽን እናቆየው እባካችሁ። ሲያዩት በጣም ያምራል፣ አልክድም፣ ግን ፒኢቲጂ ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ከተጠጋ መልፈስፈስ ይጀምራል፣ አንድ ቀን ፓምፑ ቆሞ ሳናውቀው ውሃው ቢግል ቲዩቡ ከፊቲንጉ (ከማያያዣው) ሊወጣ ይችላል። እያንዳንዷን እጥፋት በሙቀት አየር እያጠፉ በሚሊ መለካትም አለ፣ ከተሳሳቱ እንደገና አዲስ ቲዩብ። ሶፍት ቲዩብ ይቆረጣል ይገባል በቃ። ውስጡ 10 ውጪው 16 ሚሊ የሆነውን ብንይዝ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ስናጥፈው በቀላሉ አይታነቅም። ጥቁሩን የኢፒዲኤም ጎማ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ብርሃን አሳላፊው ፒቪሲ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ከጊዜ በኋላ ወደ ውሃው ይወጣና ቲዩቡን ያደበዝዘዋል፣ የብሎኩን (ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ ተገጥሞ ሙቀታቸውን ለውሃው የሚያስተላልፈውን) ቀጫጭን መስመሮችም ይደፍናል። ፓስቴሉም እንደዛው ነው፣ ነጭ የሚያደርገው ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ነው፣ ያ ደግሞ ይዘቅጣል። ቀለም የሌለው ዝግጁ ኩላንት ዝገት መከላከያውም የአልጌ መከላከያውም አብሮት ስላለ ለኛ እሱ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ፣ የብሎን ርዝመት። የመጀመሪያዬን ስሰራ ፋኑን ራዲያተሩ ላይ የማስርበት 30 ሚሊ ብሎን ጎደለኝና እጄ ላይ ያገኘሁትን 35 ሚሊ አስገባሁ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ጠንከር አለኝ፣ ገፋ ሳደርገው ቀለል ብሎ ገባ፣ የታሰረ ነው የመሰለኝ። ውሃ ስሞላ ከፋኑ ጥግ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ አየሁ፣ ጠረግኩት፣ ተመልሶ መጣ። ብሎኑን ስፈታው ጫፉ እርጥብ ነው፣ የራዲያተሩን ስስ የውሃ መስመር በስቶታል። አዲስ ራዲያተር ተጣለ፣ ያውም ማዘርቦርዱ ላይ ገና ኤሌክትሪክ ስላልነበረ እንጂ የባሰ ይመጣ ነበር። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሳንለካ እንዳናስር።

ገንዘብ ያዥ፦
ራዲያተሩ ሁለት ከሆነ ወጪው ስለሚጨምር የአሉሚኒየሙን ብንወስድ አይሆንም? ረከስ ይላል።

የቴክኒክ ክፍል፦
እሱ ላይ መቆጠብ አንችልም፣ ከልቤ ነው የምለው። ብሎኮቹ መዳብ ወይም ኒኬል የተቀባ መዳብ ናቸው፣ አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ እንደ ባትሪ ነው የሚሆኑት፣ አሉሚኒየሙ ቀስ እያለ ይበላል፣ ፍርፋሪውም ብሎኩን ይደፍናል። ኩላንቱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ራዲያተሩ መዳብ ይሁን። ለመቆጠብ ከሆነ መብራት ያላቸው ፋኖችና ጌጣጌጥ ፊቲንጎች ይቅሩ። ፊቲንግ ሁሉም ጂ 1/4 ጥርስ ስለሆነ ተራውም ይገጥማል፣ ብቻ በእጅ ነው የሚጠብቀው፣ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው እንጂ የጉልበታችን ብዛት አይደለም፣ በመፍቻ ከተገፋ የአክሪሊክ ብሎክ ይሰነጠቃል።

ሰብሳቢ፦
እኔ የፈራሁት ካርዱን ነው። የፕሮሰሰር ብሎክ ኤኤም5 (የፕሮሰሰሩ መሰኪያ ዓይነት) የሚል ካለው አለቀ፣ የካርድ ብሎክ ግን እንደዛ አይደለም፣ ሁለት ካርድ ሁለቱም 4080 ተብለው ቦርዳቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ የአንዱ ብሎክ ለሌላው አይገጥምም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገኘው ብሎክ የትኛውን ካርድ እንደሚገጥም እንይ፣ ከዛ ካርዱን እንግዛ። ተስማማን?

ረቂቁን ያዘጋጀው፦
ተስማምቻለሁ፣ ሃርድ ቲዩቡ ቢያምረኝም የተባለው ልክ ነው። አሁን ያለው እንዲህ ሆኗል፣ ኬዝ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የካርድ ብሎክና ካርዱ አብረው፣ ሁለት 360 የመዳብ ራዲያተር፣ ዲ5፣ 10/16 ኢፒዲኤም፣ ቀለም የሌለው ኩላንት። ሁለት ነገር ጨምሬያለሁ፣ ሉፑ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ማፍሰሻ ቫልቭ፣ አለዚያ በየዓመቱ ውሃ ስንቀይር ኬዙን መገልበጥ ሊመጣ ነው፣ እና የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ፋኖቹ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ብድግ ባለ ቁጥር እንዳይጮሁ የውሃውን ሙቀት እየተከተሉ ይዙሩ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ከያዝነው ይበቃናል።

ከዚህ በፊት የሰራ አባል፦
በጣም ጥሩ። ራዲያተሮቹ ከፋብሪካ የብየዳ ቅሪት ይዘው ስለሚመጡ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ መጨረሻ ላይ በዲስቲልድ ውሃ ማለቅለቅ የሚለውን አስገባበት። የአየር መሞከሪያ እኔ ጋ አለ፣ ውሃ ከመግባቱ በፊት 0.5 ባር ሞልተን መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። ከዛ ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ነቅለን የ24 ፒኑን ፒኤስ ኦን መስመር (ፓወር ሰፕላዩን የሚያስነሳውን) ከግራውንድ ጋር አገናኝተን ፓምፑን ብቻ እናዞራለን፣ በየፊቲንጉ ስር የሶፍት ወረቀት አንጥፈን አንድ ሙሉ ቀን። የማደሩን ተራ እኔ እወስዳለሁ።

አዲስ አባል፦
እኔም አብሬ አድራለሁ፣ ማየት እፈልጋለሁ። እስከዛው የኬዙን የውስጥ ልክ በሜትር ወስጄ ነገ እዚሁ አስቀምጣለሁ፣ የ70 ሚሊው ነገር እንዳይረሳ።