የገራዶ የማለዳ ጉዞ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን በጥቅምት መጨረሻ ደሴ አጠገብ ወዳለው ገራዶ ወርዶ የማለዳ ፎቶ ያንሳ የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በዚያ ሰሞን ጤፉ ቢጫ መልበስ ይጀምራል። አርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ቅዳሴ አለ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ብያለሁ። መነሻ የደሴ ፒያሳ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። የማይመቸው ካለ ይናገር።

የኮምቦልቻ አባል፦
በ10 ሰዓት ፒያሳ ለመገኘት እኛ በ9 መነሳት አለብን። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፣ በዚያ ሰዓት መኪና አይገኝም። ለምን ወደ ሐርቡ አንሄድም? ማሽላውም እኮ ያምራል።

የደሴ አባል፦
ያምራል ወንድሜ። ግን ማሽላ ቁመቱ ይጋርዳል። ጤፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ የመሬቱን ውጣ ውረድ አይደብቅም። የማለዳ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ድንበር ጥላ ይጥላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደግሞ ዛላው በጤዛ ከብዶ ጎንበስ ብሏል።

ሰዓቱ ላይ ግን ልክ ነህ። በጥቅምት ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ገራዶ ደግሞ በምሥራቅ ተራራ ይከልለዋል። ጨረሩ መጀመሪያ የማዶውን ጫፍ ይመታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ማሳው ላይ ይወርዳል። 11 ተኩል ብንነሳ እንደርሳለን። ሱብሂ የሚሰግዱም ሰግደው ይመጣሉ።

አስተባባሪ፦
11 ተኩል ይሁን። የኮምቦልቻ ልጆች አብሽሩ፣ አርብ ማታ መጥታችሁ እኛ ጋ እደሩ።

የገራዶ ልጅ፦
እኔ እዚያው ነው ያደግኩት። ረቂቁ ውስጥ ባለማሳው የለም። አምና ፎቶ ሊያነሱ የመጡ ሰዎች ትራይፖዳቸውን አጎቴ ማሳ መሀል ተከሉ። ከሄዱ በኋላ አጎቴ የተረገጠውን ጤፍ በእጁ እያቃና ሊያቆመው ሲሞክር አየሁት። አልቆመም። እባካችሁ በድንበሩ ብቻ እንሂድ። እኔ ሐሙስ ወርጄ ባለማሳዎቹን አስፈቅዳለሁ። ሰው ከማንሳታችን በፊትም «እንደምን አደራችሁ» ብለን እንጠይቅ፣ ፎቶውንም አሳትመን እንውሰድላቸው።

ነባር አባል፦
ደግ ብለሻል ልጄ። የማሳተሚያው ከመዋጮው ይነሳ፣ የቀረውን እኔ እሞላለሁ። ስልክ ብቻ ያላችሁም እንዳትቀሩ። ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱት፣ አለዚያ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካሜራ የያዛችሁ፣ ከብርዱ ወደ ሞቀ መኪና ስትገቡ ቶሎ ከቦርሳ አታውጡት፤ ሌንሱ ጉም ይለብሳል።

አስተባባሪ፦
ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «ቅዳሜ 11 ተኩል ከፒያሳ እንነሳለን። ማሳ ውስጥ አይገባም፣ በድንበር ብቻ ይኬዳል። ባለማሳው ካልፈቀደ ከመንገድ ዳር እናነሳለን። ከመዋጮው የፎቶ ማሳተሚያ ይቀነሳል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ፎቶው ለባለቤቶቹ ይደርሳል።» የምትስማሙ እስከ ማክሰኞ አሳውቁኝ።

የኮምቦልቻ አባል፦
ተስማምተናል። 4 ነን። ፍራሽ ካላችሁ ብርድ ልብስ ይዘን እንመጣለን፣ የደሴን ብርድ እናውቀዋለን።