በረዶ መውጣት የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። ዊንተር ሲገባ እዚሁ ኮሎራዶ ኡሬይ ወደምትባለው ከተማ እየሄድኩ በብርድ በረዶ የሆነ ፏፏቴ መውጣት እለማመዳለሁ። (እዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ በተዘረጋ ቧንቧ ማታ ማታ ውሃ እየለቀቁ ነው በረዶውን የሚያሳድጉት።)

የተቸገርኩት በእጄ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ክንዴ ይዝላል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ዝቅ አድርጌያቸው ደም ሲመለስባቸው ሕመሙ እንባ ያስመጣል። ብርዱ ሲጠና ደግሞ በረዶው ላይ እየሰካሁ የምወጣበትን መጥረቢያ ስሰነዝር በረዶው እንደ ሰሃን ተሰባብሮ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ጎድጎድ ያለ ቦታ መምታት እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ቀጥ ባለው ግድግዳ ላይ ግን አላገኝም።

ጓንት ልቀይር ወይስ አያያዜን ላላ ላድርግ? ክብደቴንስ ክራምፖኑ (ጫማ ሥር የሚታሰረው ባለ ሹል ጥርስ ብረት) ላይ እንዴት ልጣለው? በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ መተው አልፈልግም።